እናቴን ቅርስ ላደረጉልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ካሉበት ይድረስ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? መጀመሪያ ወደ መንደራችን የወጡ ዕለት ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥቶዎት እናቴ በገዛ አልጋዋ አስተኝታ ትኩስ ወተት እንዳጠጣችዎት እኔ አልረሳሁም፤ እርስዎም አይረሱት ይሆናል። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት ብዬ ልመርቅ ነበር፤ ግን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚሉት ነገር አፌን ያዘኝ። ስለዚህ ምርቃቱን ትቼ ወደ ምስጋናው ልለፍ። ማን እንደሆንኩ ከጠፋዎት፣ ከገደሉ አፋፍ የምኖረው፣ የተቀደደ ሱሪዎን በነጻ የጠቀምኩልዎት ልብስ ሰፊ ነኝ።

አንደኛ፤ ቤታችንን ቅርስ ብለው ስለመዘገቡልን እናመሰግናለን። የጓዳው ግድግዳ ሆዱን ገፍቷልና ሳይናድ ድንጋዩን አውርደን እንደገና እንካበው ብለን ስንለምንዎት፣ የጥንት እጅ የካበውን የዛሬ እጅ አይነካውም ብለው ማኅተም የተመታበት እገዳ ሰጡን። ያንን ግድግዳ የካበው ግን ጥንት ሳይሆን አጎቴ ነው፤ እስካሁንም ወገቡን እያሻሸ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ይህንንም ነግረንዎት ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲባል ሁለቱ አንድ ቢሮ ውስጥ እንደሚገናኙ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ከማዶ ሰዎች ጋር የሚያገናኘን ጥሪ እንጂ ስልክ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ መሃላችን ገደል ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው ድምፁን አርዝሞ ስቦ መጨረሻው ላይ ይሰብረዋል፤ ያንን የሰማ ተጣልቶንም ቢሆን የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። እርስዎ ግን እናቴን እባክዎ እማማ ያንን ጥሪ ለማስታወሻ ያህል ይጣሩልኝ ብለው ድምፅዋን ቀዱ፤ ከእንግዳ መቀበያው ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለውም ጎብኚ በመጣ ቁጥር «ጥንታዊ የተራራ ዜማ» እያሉ ያስጮኹት ጀመር። ማዶዎች መጀመሪያ ሰሞን እየሮጡ መጡ፤ አንደኛው ሲሮጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፣ እንግዶችዎም ፎቶ አነሱት። ኋላ ላይ መሮጡን ተዉት፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ማጉያውን እንዲያወርዱልን ሽማግሌ ብንልክብዎት፣ በባህላችሁ ልትኮሩ እንጂ ልታፍሩ አይገባም ብለው መክረው ሸኙልን። ስለ ምክርዎም እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ግድግዳው ተናደ። እኔ ገበያ ወርጄ ነበር፤ የኛ ሰፈር ሰውም፣ አጎቴ ሳይቀር፣ አዝመራ ለመሰብሰብ ታች እርሻ ነበር። እናቴ ከወገቧ በታች ድንጋይ ተጭኗት ተጣራች። ማዶዎች ሰምተዋታል። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ድምፅዋንስ ለይተነው ነበር፣ ግን ያው ማጉያው መሰለን እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ እኔው ሆንኩ የማጽናናቸው። አንዷማ ዛሬስ ምነው አስረዘሙት ብላ ሥራዋን እንደቀጠለች ነገረችኝ። እኔ ስደርስ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ክቡር ሆይ፣ እናቴ የሞተችው ሰሚ አጥታ አይደለም፤ የገዛ ድምፅዋን ነጥቀዋት ነው። ተናደድኩ ብል ያንስብኛል፤ አንጀቴ ነው ያረረው።

አራተኛ፤ ከቀብሯ በኋላ በሹፌርዎ የላኩት፣ በመስታወት የታቀፈ የምስክር ወረቀት ደርሶናል። በወርቃማ ፊደል እናቴን «ሕያው ቅርስ» ይላታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ! ሕያው የሚለው ቃል ላይ ጣቴን አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። መስታወቱን አውልቄ ለተሰበረው መስኮቴ አድርጌዋለሁ፤ ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ የልጆች ሱሪ ልክ አወጣሁበት። ስጦታዎ ከንቱ እንዳልቀረ እንዲያውቁልኝ ነው።

ይህንን በጋዜጣ የጻፍኩልዎትም በቢሮዎ በኩል ብልከው እሱም ቅርስ ተብሎ እንዳይነካ ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ተኝቼም ነቅቼም ከሐሳቤ የማይጠፉት ክቡርነትዎ ከወንበርዎ የሚወርዱበትን ቀን በታላቅ አክብሮት የምጠባበቅ፣

የሕያው ቅርስዎ የሙት ልጅ፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ሐዘናችን ሲሉ የእናቴን ድምፅ ያውርዱልንና በምትኩ አጎቴ ሌላ ዜማ ያስቀዳዎታል ስንልዎት እንዴት ደስ እንዳለዎት አየን። አሁን መኪናዎ ዳገቱን ስትጀምር ያስጮኹታል፤ በበራሪ ወረቀትዎም ላይ የመንደሩ ሕዝብ ዓይን አፋር ስለሆነ እንግዳ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል ብለው ጽፈዋል። ዓይን አፋሮች አይደለንም፣ ጌታዬ። ያ ጥሪ በኛ ዘንድ ሌባ እየመጣ ነው፣ በር ዝጉ ማለት ነው። ማዶዎችም ይህኛው እስካሁን አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም ይላሉ።