ኮትህን ሳትቆልፍ

ይድረስ ባሕር ቢለየን ልብ ላልለየን፣ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ደረጃ አልወጣም ብሎ ያስቸገረህ ጉልበትህ ታዘዘህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ያቺ ጭምት ልጅህስ፣ የልጅ ልጅህስ እንዴት ናቸው? እኔ ጆሮዬ ከወሬው ግማሹን ብቻ ከማስገባቱና ቀኝ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ። በካሜራው መስኮት የማይበት ግራ ዓይኔ ግን ዛሬም ጎረምሳ ነው፤ ለወዳጅም ለጠላትም እንዲህ ብለህ ንገርልኝ።

ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ናፍቆትህን ተቀምጬ፣ ምክርህን ግን ቆሜ አነበብሁት። «ለዕድሜህ የሚያምርብህን ያዝ፤ ካሜራውን ወደ ሣጥኑ መልሰህ ፀሐይ ሙቅ፤ ሰው ሳይጠይቅህም አታንሣ» ብለሃል። እጁ የአንተ፣ ድምፁ የእትዬ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም፤ በቤተሰባችን «የሚያምርብህን ያዝ» የምትል ታላቅ እህታችን ብቻ ናትና። መልሴን በደብዳቤው ጫፍ ከምሸሽገው ከመነሻው ልንገርህ፤ አልመልሰውም። ይህን ስጽፍም ካሜራው አንገቴ ላይ ነው፤ የሌንሱን ክዳን የልጅ ልጄ ለአሻንጉሊቷ ሰሐን አድርጋዋለች።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሐይቅ በተሣለበት በዚያ መጋረጃ ፊት ሰው እያቆምሁ፣ «ኮትዎን ይቆልፉ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ፣ እንዳይነቃነቁ» እያልሁ የከተማውን ሕዝብ ሐውልት ሳደርግ መኖሬን ታውቃለህ። አባታችን ባረፉ ጊዜ ለግድግዳ የሚሆን ፎቶግራፍ ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ ብንገለብጥ፣ የፎቶ አንሺ አባት ሆነው ሳሉ የተገኘላቸው አራት ብቻ ሆነ። አራቱንም ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ በአራቱም ኮታቸው እስከ ጉሮሯቸው ተቆልፎ፣ ለምስክርነት እንደ ቀረበ ሰው አፍጥጠዋል። ጢማቸውን እየተላጩ የሚያፏጩት፣ ከጋዜጣው ጋር ድምፅ አውጥተው የሚሟገቱት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቤቱን ሙሉ መነጽር ፍለጋ የሚያሰማሩት ሰው የት ገቡ? የልጅ ልጄ ከግድግዳው ሥር ቆማ፣ «ይኼ የተቆጣው ሰውዬ ማነው? ምን አድርገነው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ፣ ፊታቸውን ያስኮረፈው ሞት አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ።

አንተም አትረሳውም፤ ልጅ ሳለህ «እማማ ምን ትመስል ነበር?» እያልህ ስታደርቀን፣ እኔ በአራት ዓመቴ ከጨበጥሁት ከቀሚሷ ጠርዝ በቀር የማስታውሰው ስላልነበረኝ ወደ እትዬ እመራህ ነበር፤ እትዬም «ቆንጆ ነበረች» ትልህና ወሬውን እንደ በር ትዘጋው ነበር። እኔ ፎቶ አንሺ የሆንሁት አንዲት ምስል እንኳ ሳትተው ባለፈች እናት ቁጭት ነው፤ ሆኜም የአባቴን ሣቅ አሳለፍሁት። ሁለተኛ አላሳልፍም ብዬ ማልሁ።

ከዚያ ወዲህ የሌንሱን ርቀት በሦስት እርምጃ ላይ አስሬ፣ ብርሃኑን ገና ከደጅ ስወጣ ለክቼ፣ ጣቴን ከካሜራው መጫኛ ቁልፍ ሳላርቅ እሄዳለሁ። ያልታሰበ ነገር ቀጠሮ አይሰጥምና፣ ካሜራውን ከሣጥን እስኪያወጡት ድረስ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ጸጉር አስተካካዩ በገዛ ወንበሩ አንቀላፍቶ፣ ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛ ዝንብ ሲከላከልለት አንሥቻለሁ። ሰፈርተኛው «ብልጭታ መጣ፣ አፍህን ግጠም» ይባባላል። ይባባል!

አሁን ከእትዬ ጋር ወደ ገጠምሁት ጠብ ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ ረፋድ ላይ እትዬ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ፣ ድንገተኛ ነፋስ አንሶላዋን ነጠቃት፤ እሷ ስትከተለው፣ በዕድሜው ሮጦ የማያውቀው ባሏ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሊይዝላት ቢወጣ፣ አንሶላው እሱኑ ከራሱ እስከ እግሩ ጠቅልሎ ገተረው። ያቺ ሣቅን እንደ ውድ ዕቃ ቆልፋ የኖረች እህታችን እጆቿን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ሣቀች። ሦስት እርምጃ ላይ ነበርሁ፤ ተጫንሁት።

የካሜራውን ድምፅ ስትሰማ ሣቋ ተቆረጠ። «አንተ የማታፍር! ድዴን ለአገር ልታሳይ ነው? አቃጥለው!» አለችኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኗ ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ፤ እሷ ከሳሽም ዳኛም፣ ልብስ ሰፊው ምስክር፣ ሾፌሩ ልጄ ደግሞ የት እንደሚቆም ግራ የገባው ታዛቢ ነበሩ። ነጌቲቩ ይቃጠል፣ ካሜራው ቁም ሣጥን ይግባ፣ ቁልፉም ከእትዬ ዘንድ ይቀመጥ ተባለ። ልብስ ሰፊው፣ «ዋርሳዬ፣ እኔ የምለካው የቆመ ሰው ነው፤ የሚሮጥ ሰው የሚለካ ልብስ ሰፊ አይተህ ታውቃለህ?» ቢለኝ፣ «ለዚህ ነዋ የሰፋኸው ሱሪ ሲሮጡበት የሚተረተረው!» አልሁት፤ ልጄ ሣቁን በሳል ሸፈነ። ፎቶግራፉን ለማንም አላሳየሁም፣ የሰው ገመና መጠበቅ ሙያዬ ነው፤ ማቃጠል ግን ሌላ ነገር ነውና እንቢ አልሁ። እሷም «እንግዲያውስ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችኝ። ሃያ ሦስት ቀን አልረገጥሁም። ያሳደገችኝን እህቴን ሃያ ሦስት ቀን ድምፅዋን ሳልሰማ መዋል ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ እንዲያም ሆኖ አላቃጠልሁትም።

ትናንት ጠዋት የፎቶ ቤቱን በር ገፍታ ገባች። ሰላምም ሳትለኝ፣ «የት አለ ያ ጉድ?» አለች። ክብሪት ይዛ የመጣች ስለመሰለኝ፣ ነጌቲቩን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ የታተመውን ብቻ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ አንዴ አቅርባ አንዴ አርቃ፣ ብዙ ቆየችበት። በመጨረሻም፣ «ይቺ እኔ አይደለሁም። እማማ ናት» አለችኝ። «ጥርሷን ጨምርበትና ራሷ ናት። እንዲህ ነበር የምትሥቀው፣ እጇን ዘርግታ፣ አፏን ሳትሸፍን። ያ ልጅ ሲጨቀጭቀኝ ‹ቆንጆ ነበረች› የምለው ሌላ ቃል አጥቼ ነው፤ ሣቅ በምን አፍ ይነገራል?»

ያ ልጅ የተባልኸው በስልሳ ስድስት ዓመትህ አንተ ነህ። ከዚያም ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ላክለት፤ ካሜራው ግን ቁም ሣጥን ይገባል» አለችኝ። አይገባም አልኋት። «ደረቅ!» ብላኝ ወጣች፤ በሩን ግን ክፍቱን ተወችው።

እንግዲህ ምክርህን ከነክብሩ መልሼልሃለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሽጌ በላክሁልህ ትንሽ ፖስታ ውስጥ በልጅነትህ የጠየቅኸው ጥያቄ መልስ አለ።

ልብስ ሰፊው ትከሻህ ሰፍቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ እያለ ሰላም ይልሃል። ልጄ ሾፌሩና የአሻንጉሊቷ እመቤት እጅ ይነሣሉ። እትዬ፣ «ጉልበቱን በሙቅ ጨርቅ ይሠር» ብላለች። ለባለቤትህ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ የልጅ ልጅህን ጉንጩን ሳምልኝ። ለልጅህ ግን ከሰላምታዬ ጋር ይህን ንገራት፤ አንተ ትንሹን ፖስታ ስትከፍት እሷ ካሜራዋን ከፍታ ሦስት እርምጃ ላይ ትቁም። አንተም አደራህን፣ ኮትህን አትቆልፍ።

ታላቅ ወንድምህ፣ ብልጭታ የሚሉኝ

ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ ኅዳር ፲፪ ቀን