የሉሉ ጆሮ ላይ የወጣው ነገር

እሑድ

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሉሉን ሳበጥረው ጆሮው ላይ ቀይ እባጭ አገኘሁ። ፀጉር የለበትም፣ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል። መዥገር መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ስነካው ምንም አላለም። ለአሠሪዬ ለማዳም ሳሳያት ከሶፋው ዘላ ተነሳች። "ካንሰር ነው! ልጆቹ እንዳይነኩት!" ቡችላው እኮ ገና ዓመት አልሞላውም። ከእንግዲህ መውጣት የለም ብላ በረንዳ ላይ አሳሰረችው።

ወገቤ ተቆርጧል። ልተኛ።

ሰኞ

አልወጣንም። ሌላ ጊዜ ጠዋት ሉሉን ይዤ እስከ ዳቦ ቤቱ እወርዳለሁ። ጓደኛዬ ዘይነባ በሰዓት እየተከፈላት ወደምታጸዳው ቤት ስትሄድ እዚያ ታገኘኛለች፤ በአማርኛ ትንሽ እናወራለን። ብቻዬን መውጣት አይፈቀድልኝም። ውሻው ካልወጣ ይቺም ቀረች ማለት ነው።

በስልክ ነገርኳት። "ኪንታሮት ነው፤ በፈረስ ጭራ እሰሪው፣ ይወድቃል" አለችኝ። እዚህ አረብ አገር፣ ጁበይሃ ውስጥ የፈረስ ጭራ ከየት አባቴ ላምጣ! ሳቅን።

ማታ ማዳም ባሏን "ለሰው እንስጠው" ስትለው ሰማሁ። በረንዳ ወጥቼ ሉሉ አጠገብ ተቀመጥኩ። ውሻ ወድጄ እንዳይመስል። ምራቁ በነካኝ ቁጥር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ታጥቤ ለሶላት መቆም ሰልችቶኛል ወላሂ።

ማክሰኞ

ተላዕ አል-ዓሊ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄድን። እኔ ይዤላት ሐኪሟ እባጩን በቀጭን መርፌ ወጋችው። የወጣውን መስታወት ላይ ቀብታ በማይክሮስኮፕ አየች።

"ክፉ አይደለም። ቡችሎች ላይ ይወጣል፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ቆርጠን እናወጣዋለን" አለች።

አልሐምዱሊላህ ሳልል ማዳም ቀደመችኝ። "ከመንገድ ነው ያመጣው። በቃ፣ በረንዳው ላይ ይኖራል።"

እኔ ሰው ፊት አልናገርም። ዛሬ ግን አላስቻለኝም። በአረብኛ "ዶክቶራ፣ ከመንገድ ይይዛል እንዴ?" አልኳት። ማዳም ገላመጠችኝ።

"አይይዝም" አለች ሐኪሟ። "ልጅ ነው፤ በየቀኑ ይውጣ። እንዳያከው ብቻ ጠብቁት።"

 

ረቡዕ

ማዳም የሉሉን መውጫ ሰንሰለት ራሷ አመጣችልኝ። "ሉሉን በጣም ትወጂዋለሽ" አለችኝ። አዎ ማዳም አልኩ። ምን ልበላት?

እባጩ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም የቀላ መሰለኝ። እሷም ጆሮውን ማየት አልተወችም። ያ አላህ፣ ቶሎ አጥፋው።

ዳቦ ቤቱ ጋ ዘይነባ ስታየኝ ሮጣ አቀፈችኝ። "ምነው ጠፋሽ!" አለች። ሁለት ቀን እኮ ነው የቀረሁት። መንገድ ላይ አለቀስኩ።