ከድሪቶው ክምር ጀርባ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ እህትም እናትም ለሆንሽኝ ለእትዬ ዘመናይ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ ጉልበትሽ ዘንድሮስ ተወሽ ወይ? ጋሽ ገብረወልድ እንዴት ናቸው? ሳላቸው ለቀቃቸው? ልጆቹስ? ላሚቱስ በደህና ወለደች? እኔ እስከዚህች ሰዓት ድረስ በሕይወት አለሁ፤ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁን። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ስል ግን ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።

እስከ ዛሬ በፖስታ የላክሁልሽ ሁሉ "ደህና ነን፣ ደህና ነን" የሚለው፣ ፖስታው አንቺ ዘንድ ሳይደርስ ስንት እጅ እንደሚከፍተው ስለማውቅ ነው። ይኼኛው በሰው እጅ ነው የሚመጣው። የሚያመጣልሽም ከእናንተ አገር ግንድ እየጫነ የሚመላለሰው ሾፌር ነው፤ ስሙን ባልጽፈውም ታውቂዋለሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢውና እሳት ውስጥ ጨምሪው። ለጋሽ ገብረወልድ በቃልሽ ንገሪያቸው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው። ያስተማሩኝ ሰዎች ይህን እጽፍበታለሁ ብለው አላሰቡም።

እትዬ፣ ሰንበታ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ትምህርቱን እየተማረ ነው ያልኩሽ ሐሰት ነበር። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ከተባለ ወዲህ እዚህ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ልቡ እንደተሰቀለ ነው የሚያድረው። አውቶቡስ ተራውን ከበው ያፍሳሉ፣ ኳስ ሜዳውን ከበው ያፍሳሉ። ፋሲካ ሰሞን የክፍል ጓደኞቹን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ በመኪና ሲጭኗቸው እሱ በጓሮ አጥር ዘሎ መጣልኝ። ሱሪው በሽቦ ተቀድዶ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ "እማዬ ደብቂኝ" ብቻ ነበር ያለኝ። የት እንደምደብቀው ሳላውቅ ይዤው ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ጓዳ ውስጥ ደግሞ የነበረው የድሪቶ ክምር ነበር።

ድሪቶው የቀበሌው ነው። የሴቶች ማኅበሩ ለቁስለኛና ለምልምል ወታደር የሚሰጥ ብርድ ልብስ ስፉ ብሎ አዘዘን። አሮጌ ልብስ ከየቤቱ ይለቀማል፣ ቁራጭ ጨርቅ ከልብስ ሰፊዎች ይመጣል። እሱ ተገጣጥሞ ከላይ ይሆንና የእርዳታ ዱቄት ከረጢት ከታች፣ መሐሉ ላይ ባዝቶ ወይም የተተረተረ ሹራብ ይገባና ይዘመዘማል። እናታችን ለእኔና ለአንቺ ትሰፋልን የነበረው ድሪቶ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። ስብሰባ ላይ በስሙ ብጠራው ግን ተቆጡኝ፤ ድሪቶ የድህነት ስም ነው፣ "የግንባር ብርድ ልብስ" በይ ተባልሁ። እኔም እሺ አልሁ፤ ስሙን ቢያሳምሩት ቁንጫው እንደሆነ ያው ነው።

ሲንጀር ያለኝ እኔ ስለሆንሁ፣ የቀበሌው መጋዘን ደግሞ ስለሚያፈስ፣ የተሰፋው ሁሉ መኪና እስኪመጣ እኔ ቤት ይቀመጣል። ባሌ ጆቴ ነፍሱን ይማረውና ሲሚንቶ ባስደረገው የጓዳችን ወለል ላይ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ግድግዳ አክሎ ነበር። ከክምሩና ከግድግዳው መሐል ሰው ጉልበቱን አቅፎ የሚቀመጥባት ክፍተት አለች። ልጄን እዚያ አስገባሁትና በድሪቶ ደፈንሁት። የመንግሥትን ንብረት ማን ይፈትሻል ብዬ ነው። እውነትም ቤት ለቤት ሲፈትሹ አልጋዬን ገለበጡ፣ ቁም ሣጥኔን ከፈቱ፤ ክምሩን ግን መታ መታ አድርገው "በርቺ እናት" ብለውኝ ወጡ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሁሩታ አጎቱ ዘንድ ለእርሻ ሄዷል እላለሁ። አሁን አሁን ከሁሩታ ቀበሌ ወረቀት አምጪ እያሉኝ ነው።

ድሪቶ ስትሰጪ የሚያስከፍልሽን ልንገርሽ። መኪና በመጣ ቁጥር ክምሩ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል የልጄ ራስ ይታየኛል። እሱ እንዳይታይ ቶሎ ቶሎ መስፋት አለብኝ፤ ጨርቅ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አይመጣም። መጀመሪያ መጋረጃውን ቆረጥሁ። ቀጥሎ የጆቴን ኮት፤ ደረቱ አሁንም የትምባሆ ሽታ ነበረው፣ እያሸተትሁ ቆረጥሁት። ከዚያ የሠርግ ቀሚሴን። ክሩን ከኅብረት ሱቅ ተሰልፌ ነው የማገኘው፤ ያለቀ እንደሆነ የቆየ ሹራብ እየተረተርሁ እሰፋበታለሁ። አንቺ የላክሽልኝ ጋቢ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም የት እንደገባ እነግርሻለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።

ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። ልጄን ልሸፍን ብዬ እንደ እብድ ስሰፋ ከቀበሌው ሴት ሁሉ የእኔ በለጠ። ስሜ ተነሳ። በግንቦት ወር አዳራሽ ጠርተው ኮከብ ሠራተኛ ብለው ወረቀት ሰጡኝ፣ የላስቲክ አበባ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ቀበሌ ሴቶች ለልምድ ልውውጥ እየተባለ ቤቴ ይመጡ ጀመር። ጓዳ ገብተው ክምሩን እየዳበሱ "ስፌቷን እዩ፣ ስፌቷን እዩ" ይላሉ፤ ልጄ ትንፋሹን ይዞ ከኋላው ተቀምጧል። አንዴ አንዷ ማስነጠስ ስትጀምር እሱም አብሮ ቢያስነጥስስ ብዬ ሳልፈልግ ሳቅሁ፣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። እብድ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ያሉት እውነት ነው፤ ሳልታይ ልኑር ብዬ የከተማው መታያ ሆኜ አረፍሁት።

የማኅበሩን ሊቀመንበር ስሟን አልጽፍልሽም። ወረቀት ይያዛል፤ እሷን ማስያዝ ደግሞ የእግዜር ዕዳ ነው። ቁጡ ናት፣ ቃሏ ይቆርጣል፤ ሁላችንም እንፈራታለን። የግንቦቱ መኪና ሲመጣ እሷው ራሷ ልታስጭን ገባች። ከታች ያለውን ልትስብ እጇን ወደ ክምሩ ስታስገባ ቆመች። የያዘችው የልጄን ቁርጭምጭሚት ነበር። ዞራ አየችኝ። በዓይኔ ለመንኋት። እጇን አወጣችና ለጫኞቹ፣ ይሄ ወዲህ ያለው ረድፍ ቁንጫ ይዞታል፣ ፀሐይ ሳይመታው አይነሳም፣ የሰፋችውም ሴት ንጹሕ አይደለችም ብላ ሰድባኝ ወጣች። እንደዚያን ቀን ስድብ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታውን ግን ፍርሃቱ መጣ። ለምን ተወችው? ምን ልትጠይቀኝ ነው? ሰው ሲያልፍ፣ ውሻ ሲጮህ፣ እሷ ናት እያልሁ ሰነበትሁ።

መጣችም። ብቻዋን፣ በነጠላዋ ሥር የወንድ ጃኬት ይዛ። ልጇ ገርባ አምና ነው ዘምቶ የሄደው። ደብዳቤው ከቆመ ቆይቷል። ሞተ ያላት የለም፤ አለ ያላትም የለም። እሷ የሰውን ልጅ ለዘመቻ እያስመዘገበች፣ በራሷ ልጅ ማልቀስ አልተፈቀደላትም። ጃኬቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ቁረጪው፣ እኔ እጄ አይችልም አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ እሑድ ክምሩ አንድም ሳይቀር ይጫናል፣ ትልልቅ ሰዎች ኮከብ ሠራተኛዋን ሊያዩ ፎቶግራፍ አንሺ ይዘው ሰኞ እዚህ ቤት ይገባሉና ያለሽን መላ ምቺ አለች። መላ የለኝም ብዬ ማልቀስ ስጀምር፣ መላውን እሷው አመጣችው።

ድሪቶው የሚሄደው ወደ ደቡብ፣ ምልምሎቹ ወደሚሠለጥኑበት ሰፈር ነው። የይለፍ ወረቀቱን የምታስጽፈው እሷ ናት፤ መኪናውም ከግንድ መኪኖቹ አንዱ ሆነ። የሚያሽከረክረው ያ የምታውቂው ሰው ነው። ሰንበታ ከድሪቶው ሥር ተኝቶ ይሄዳል። ሻሸመኔ ላይ ሾፌሩ ዘመዶቹ ቤት ያወርደውና እሱ ሰፈሩ ደርሶ ያራግፋል፤ ተመልሶ ልጁን ያነሳና ግንድ ሊጭን ወደ እናንተ ይመጣል። ነገ ሰኔ ሚካኤል ነው፣ መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። እትዬ፣ ልጄን ከወታደርነት ለማዳን ወደ ወታደር ሰፈር በሚሄድ መኪና ላይ ልጭነው ነው።

የምፈራው ኬላውን ነው። ሞጆ አለ፣ ዝዋይ አለ፣ አዳሚ ቱሉ አለ፣ ሻሸመኔ መግቢያ አለ። ቡና ሲፈልጉ ጭነቱን በሹል ብረት ይወጉታል ሲባል ሰምቻለሁ። ሾፌሩ፣ ቡና ከእነሱ አገር ወደዚህ እንጂ ከዚህ ወደዚያ አይጫንም፣ ለወታደር የሚሄድ ብርድ ልብስ ማን ይወጋል ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ፍርሃት ግን እውነት አይሰማም። ስለዚህ በላዩ ላይ የሚሆነውን አንዱን ድሪቶ ለብቻው ሰፋሁት። ጋቢሽን ባዝቶው ላይ ደርቤ አጥፌ አጥፌ ከተትሁት። የጆቴን ኮት የቀረውን አደረግሁበት፣ ከሠርግ ቀሚሴ የቀረችውን አደረግሁበት። የገርባን ጃኬት ልቡ ላይ እንዲውል መሐሉ ላይ ሰፋሁት። ብረት ድሪቶ እንደማይመልሰው አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

ሊቀመንበሯ ይህን ድሪቶ ስታይ በእጇ ዳበሰችውና፣ ልጄ ያልተመለሰበትን ኬላ ጃኬቱ ይለፍልኝ አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ስትወጣ "አይዞሽ፣ ጀባዹ፣ በርቺ" ብላኝ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። የሰውን ልብ ማን ያውቀዋል፤ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራኋት እሷን ነበር።

እንግዲህ ይህን ስታነቢ ሰንበታ አጠገብሽ ቆሞ ከሆነ፣ መጀመሪያ አብዪው፤ ጉንጩ ገብቷል። ፀሐይ ላይ አስቀምጪው፣ ግን ቀስ ብለሽ ነው፣ ዓይኑ ብርሃን ረስቷል። ጋሽ ገብረወልድ ወደ ወርቅ ቁፋሮው ይውሰዱት፤ እዚያ ስም የሚጠይቅ የለም ይባላል። ከዚያ ለብሶት ከመጣው ድሪቶ መሐል ከገርባ ጃኬት ጫፉን ቁረጪና ለሾፌሩ ስጪው። ደብዳቤ አትጻፊ። ያቺን ቁራጭ ካየሁ ይበቃኛል፤ ወስጄ ለእሷም እሰጣታለሁ። ሾፌሩ ብቻውን መጥቶ ከሆነ ግን፣ እትዬ፣ ምንም አትላኪልኝ። ባዶ እጁን ሲመጣ ሳየው ይገባኛል።

አሁን ቅዳሜ ቀትር ነው። በሩን ቀርቅሬ ነው የምጽፈው። የሲንጀሩ ድምፅ ከቆመ ጎረቤቴ ሳፊያ "ምነው ዛሬ ዝም አልሽ፣ አመመሽ እንዴ?" ብላ ትመጣለች፤ ክፋት የላትም፣ ግን ያየችውን ሆዷ አይችልም። ስለዚህ ክሩን ከመርፌው አውጥቼለት፣ ሰንበታ አጠገቤ ተቀምጦ ሲንጀሩን ይረግጥልኛል። እግሩ ታጥፎ ስለከረመ መርገጡ ደስ ብሎታል። የሰፈሩ ሰው ኮከቧ ሠራተኛ እየሰፋች ነው ይላል። ነገ በዚህ ሰዓት ወንበሩ ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው።

በይ እንግዲህ ጋሽ ገብረወልድን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጅሽን ዘገዬን፣ ሰንበታን እንደ ታናሽ ወንድም ተቀበለው፣ ልብስህንም አካፍለው ብላሃለች በይልኝ። ትንሿን አበበችን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ አሻንጉሊት ልትሰፋልሽ ጨርቅ አጣች በያት። አማትሽ እማሆይ በጸሎታቸው ያስቡኝ፣ የእኔን ስም ሳይሆን የእሱን ይጥሩ። ጎረቤቶችሽን፣ የጠየቁኝን ሁሉ፣ ያልጠየቁኝንም ሰላም በይልኝ።

ሰንበታ እግሩን ከመርገጫው አንስቶ ጨረስሽ ወይ ይለኛል። ገና ነኝ፣ ሰላምታው አላለቀም አልሁት። እንደገና ይረግጥ ጀመር።

ላሚቱንም ሰላም በይልኝ። ጥጃዋንም። ደጅሽ ላይ ያለውን የኮክ ዛፍም። ጋሽ ገብረወልድንም እንደገና ሰላም በይልኝ።

እጄን የምታውቂው እህትሽ

ናዝሬት
ሰኔ ፲፩ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.