ከኋላ የሚበራው ፓውዛ

ስማቸው፣ የኔ ዓለም፣

እንደምን ከረምክ ልልህ ነበር፤ እጄ ለምዶ ነው። ከተለያየን ይኸው ሁለተኛው መኸር ገብቶ አውድማው ሊያልቅ ነው። ቤቱ ደህና ነው። በጓሮ የተከልከው ጌሾ ቁመቴን አልፏል፤ ያንጠባጥብ የነበረው የጣሪያው ጥግ ተጠግኗል፤ እናትህም ከገጠር መጥተው ከእኔ ጋር መካነ ኢየሱስ መኖር ጀምረዋል። ከተማው ጫጫታው በዛብኝ እያሉ ያማርራሉ፤ ወደ ገጠር ልመልስዎት ስላቸው ግን አይሰሙኝም።

የእኔን ነገር ከጠየቅከኝ እንዳልዋሽህ። ሙት ዓመትህን ዘክረን ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ሲመለስ እኔ ጥቁሬን አላወለቅሁም። እናትህ፣ የወለድኩት እኔ አውልቄ አንቺ እስከ መቼ ነው እያሉ ይቆጡኛል። ፎቶ ቤቱንም ከቀብርህ ወዲህ አልከፈትኩትም። ካሜራህንና ፓውዛዎችህን በሣጥን አሽጌ፣ አውድማው ሲያልቅ መጥተህ ወደ ደብረ ታቦር ውሰዳቸው ብዬ ለወንድምህ ነግሬው ነበር። አንተ ትቀርጽ ነበር፣ እኔ መብራት እይዝልህ ነበር። ቀራጩ ከሌለ መብራት ያዥ ምን ይሠራል ብዬ ነው።

በየሰርጉ ከሸራ ጋር ስትጣላ ትዝ ይልሃል? ሰው ሁሉ ዳሱን በሰማያዊ ሸራ ይሸፍናል። አንተ ገና ከደጅ ሆነህ ሽቅብ ታይና ፊትህ ይከፋል። ከሸራው ሥር ሙሽራዋም፣ ሚዜውም፣ ወጡም ሰማያዊ ነው። እንዲህ አድርጌ ብቀርጻት ሙሽራውን ሬሳ አገባ ይሉታል ትልና፣ አንዱን ጎን ካላስነሳህ ካሜራህን ከቦርሳው አታወጣም። አንድ ጊዜ ወደ ጋይንት ተጠርተን ሄደን፣ ከዚያው ከቤተ ልሔም ደብር የመጡ መሪጌታ ሊመርቁ ሲነሡ፣ የኔታ ትንሽ ወደ በሩ ጠጋ ይበሉልኝ፣ ፊትዎ ጨለመብኝ አልካቸው። እኔ በድንጋጤ ፓውዛውን ልለቀው ነበር። እሳቸው ግን ሳቁና ወደ በሩ ጠጋ ብለው መረቁ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ፤ የጢማቸው ነጭ እያንዳንዱ ፀጉር ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ኅዳር መምህርት ሰናይት የምትባል፣ ከአርብ ገበያ መጥታ እዚህ አማርኛ የምታስተምር ወጣት፣ በሬን አንኳኳች። ከከተማው ሰዎች ጋር አጭር ፊልም ልንሠራ ነውና ፓውዛዎቹን አውሺን አለች። ታሪኩ ምንድን ነው አልኳት። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ መሬቷን ለእኩል አራሽ ልስጥ ወይስ ራሴ ልያዘው እያለች ታመነታለች አለችኝ። ማንን ለመንካት ነው ብዬ ልቤ ጠረጠረ። እንቢ ማለት ግን ከበደኝ፤ መብራቶችህን እንዳይሰብሩብኝ ለመጠበቅ ብዬ አብሬ ሄድኩ።

ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ የጭቃ ቤት ነበር። ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ሳለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቆመ። ባሏ የሞተባትን ሴት ሆና የምትሠራው ልጅ በዚያው ሰሞን ያገባች ናት፤ እናቷ ሰምተው እየከነፉ መጡና፣ ሙሽራ ልጄን ጥቁር አታለብሷትም፣ ሟርት ነው ብለው እጇን ይዘው ወሰዷት። እውነታቸውን ነው። ማን ደፍሮ ያለ ሞት ከል ይለብሳል? ከዚያ ሁሉም ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። ጥቁር የለበስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አይሆንም አልኩ። መምህርት ሰናይት ለመብራቱ መሞከሪያ ብቻ ተቀመጪልን ብላ ለመነችኝ። እሷ ሐዘን ጨለማ ነው ባይ ናት፤ በሩን ዘጋችና አንዷን ፓውዛ መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ፊቴ አቀናችው። ከዚያ ያነሳችውን አሳየችኝ። ስማቸው፣ ብታየኝ ትስቅ ነበር። ጥቁሩ ልብስ ከጥቁሩ ግድግዳ ጋር ተዋህዶ ሰውነቴ የለም። አንገት የሌላት አንዲት ፊት ከታች በርቶባት፣ አገጯና አፍንጫዋ ገንነው፣ ልጆች የሚያስፈራሩባት ጭራቅ መስላ ትታያለች። ሳቄ አመለጠኝ። ካንተ በኋላ እንደዚያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ያዘንኩትን እኔ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ አይደለም።

ተነሣሁና መብራቱን ከመሬት አነሣሁት። ነጠላ የያዘ ካለ ስጡኝ አልኩ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ አንዷን ፓውዛ በበሩ በኩል አቁሜ ነጠላውን ከፊቷ ወጠርኩት፤ ብርሃኑ ረገበና የማለዳ ብርሃን መሰለ። አንተ በየዳሱ የነገርከኝ ሁሉ መጣልኝ። ከአናት ካበራሽ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፤ ከአንድ ጎን ብቻ ካበራሽ ሰውየው ግማሹን የደበቀ ይመስላል፤ ጥቁር የለበሰ ከሆነ ከኋላው ከፍ አድርገሽ አብሪ፣ ከግድግዳው ይላቀቅልሻል። ሁለተኛዋን ፓውዛ ቆጡ ላይ ሰቀልኳት፤ ቁልቁል ወደ ማጅራትና ወደ ትከሻ እንድታይ አድርጌ። ይኼ ሁሉ አንተ የምትሠራው እንጂ እኔ የማውቀው አይመስለኝም ነበር። ለካ መብራት ስይዝልህ እየተማርኩ ኖሯል።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማጅራቴ ሞቀኝ። መብራቱ አይታየኝም፤ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ አንተ ከኋላዬ ቆመህ ቀና በይ የምትለኝ መሰለኝ። ቀና አልኩ። አልቅሺ ያለኝ የለም፤ አለቀስኩ። ከዚያ ሴትዮዋ ተነሥታ በሩን ከፍታ መሬቷን ለማየት ትወጣለች ይላል ታሪኩ። ተነሣሁ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። መምህርት ሰናይት አበቃ ማለቱን ረስታ መቅረጿን ቀጠለች።

ባለፈው ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ ፊልሙ ታየ። እናትህን ይዣቸው ሄድኩ። ያ ቤት ያው ነው፣ ያ ልብስ ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። መጀመሪያ በተነሣው ላይ ያለቀላት ሴት ነበርኩ። እዚህ ግን ጫፍ ጫፌን ቀጭን ብርሃን ዞሮኛል፤ ያዘነች፣ ግን ያለች ሴት ናት። ይኼን ሁሉ ያደረገው የመብራቱ ቦታ መቀየር ነው። እናትህ ሲያበቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ይኼ የልጄ እጅ ነው አሉ። ለካ እሳቸውንም መስኮቱ ከኋላቸው ሆኖ ፎቶ አንስተሃቸው ኖሯል። ትራሳቸው ሥር አለ፤ ያን ማታ አሳዩኝ።

በማግሥቱ ለወንድምህ ደወልኩና አትምጣ አልኩት። እሰይ አለኝ፤ ለካ እሱም መውሰዱን ፈርቶት ኖሯል። ፎቶ ቤቱን ከፍቼ አቧራውን ጠረግሁ። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ይዣለሁ፤ የማን መሰለህ? እኒያ ከል አላስለብስም ያሉት እናት ታናሽ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሙሽራ ፊት በጥቁር መቆም ነውር ነውና፣ እናትህ አረንጓዴ ቀሚስ አሰፍተውልኛል። ትንሽ ሰፍቶኛል፤ ትወፍሪበታለሽ ብለዋል።

አልረሳህም፤ ይኼን ማለት እንኳ ያስቀኛል። ዳሱ በሰማያዊ ሸራ ከተሸፈነ አንዱን ጎን ሳላስነሣ ካሜራህን ከቦርሳው አላወጣም። የመጀመሪያዋን ፓውዛ ከሙሽራዋ ኋላ ከፍ አድርጌ እሰቅላታለሁ። ሙሽራዋ ዞራ አታያትም። ማጅራቷን ሞቅ ሲላት ግን ቀና ትላለች፤ ያን ጊዜ እቀርጻታለሁ።

ያንተው መብራት ያዥ፣
ጥሩወርቅ