ድምፅ የሌለው የኋላ ፍሬን

ለልጆቼ እናት፤

በጾምና በስግደት የደከመው ሰውነትዎ የቆላው ሙቀትና የገዳሙ ሥርዓት ሳይከብደው እንደ ምን ሰንብቷል? ቆቡን ከደፉ ወዲህ «አንቺ» ማለት ለአንደበቴ ስለ ተከለከለ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በለመድሁት አጠራር ሳይሆን በአክብሮት ቃል ጤናዎን ስጠይቅ፣ ብዕሬ እንደ እንግዳ ሰው ከደጅ ይቆማል። እኔ፣ ለአምላከ ቅዱሳን ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነኝ፤ በጎቹ ወልደዋል፤ የዘመሮ ብርድም እንደሚያውቁት ነው።

ለገዳሙ በዓል በመኪናችን ወርጄ፣ ከሩቅም ቢሆን አይቼዎት ለመመለስ አስቤ ነበርና፣ ያንን ቁልቁለት ባለቀ ፍሬን መድፈር ሞት ስለ ሆነ፣ ልጃችን ፍቅረ ሥላሴ የኋላውን ዲስክ፣ ሸራና የፍሬን ዘይት ቱቦ ገዝቶ ልኮልኝ፣ እንደ ቀድሞው በግቢያችን ራሴ ልለውጠው ተነሣሁ። ያ አሮጌ ፍሬን እንዴት ይጮህ እንደ ነበር አይዘነጉትም፤ ከገበያ ስመለስ ገና ከመታጠፊያው ሰምተው የግቢውን መወርወሪያ ያነሡልኝ የነበረው በእርሱ ጩኸት ነበር።

አዲሱን ዲስክ ጭረት እንዳያገኘው ብዬ በበግ አጎዛ ጠቅልዬ ባስቀምጠው፣ የአጎዛው ቅባት ፊቱን ለውሶት አገኘሁ፤ ቅባት የነካው ፍሬን እንደማይዝ ስለማውቅም ከጎረቤታችን ከጥሩሸዋ አረቄ ለምኜ አጠብሁት። እርሷም ጠርሙሱን እየሰጠችኝ፣ ራሱ ጾሞ መኪናውን የሚያሰክር ሽማግሌ በመንዝ ታይቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ።

ዲስኩም ሸራውም ገባ። የቸገረኝ፣ የዘይቱን ቱቦ ስለ ለወጥሁ ከውስጡ የገባውን አየር ማስወጣቱ ነበር፤ ይህም አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ሌላው ከጎማው ሥር ብሎኑን የሚፈታበት፣ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እርስዎ ነጠላዎን አጣፍተው ከመሪው ኋላ ተቀምጠው «ያዝኩ» ሲሉኝ እፈታ ነበር፤ አጥብቄም «ልቀቂ» እልዎ ነበር። ጥሩሸዋን ብለምናት፣ ገና ሳላጠብቅ እየለቀቀች አየሩን መልሳ ታስገባብኝ ጀመር፤ ብገሥጻት፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሚስትዎ አይደለሁም፤ ሐሳብዎን ከመኪና ሥር በምን ልወቀው?» ብላኝ ወደ በጎቿ ሄደች። እውነቷን ነው።

ስለዚህ የቅዳሴ መቋሚያዬን በወንበሩና በፔዳሉ መካከል ወጥሬ፣ እየወጣሁ እየረገጥሁ፣ እየወረድሁ እየፈታሁ፣ ብቻዬን ስመላለስ ውዬ ጨረስሁት። በመጨረሻው ላይ ልማድ አሸንፎኝ ከመኪናው ሥር «ልቀቂ» ብዬ ተጣራሁ፤ መቋሚያው ግን ያው እንደ ተወጠረ ነበር።

በማግሥቱም ፍሬኑን ለመሞከር ቁልቁል ወረድሁ፤ እስከ የት እንደ ደረስሁ መጻፉ ለገዳም ሰው ዕረፍት አይሰጥምና ይቅር። ብቻ ከአንድ ምንጭ አጠገብ ብረግጠው፣ መኪናዋ ጭጭ ብላ ቆመች፤ ከመንገደኛውም ውኃ ከተሸከመውም ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

ለበዓሉ አይጠብቁኝ። መንገዱ መልካም ነው፤ ፍሬኑም ይዟል።

አንድ ነገር ግን አደራ እልዎታለሁ፤ ያ ቢጫ ጀሪካን ለግራ ትከሻዎ ከብዷል፤ ዳገቱን ሲወጡም እያሳረፉት ነው፤ እመ ምኔቷን ትንሹን እንዲሰጡዎት ይለምኑልኝ።

የመረጡት መንገድ እስከ ፍጻሜው ይቅናልዎ፤ ጸሎትዎም አይለየኝ።

የግቢውን መወርወሪያ አሁን ራሱ ወርዶ የሚያነሣው፣
የልጆችዎ አባት