ከንፈሬን ዘግቼ ያልኩት ዚክር

እማዬ፣

አንቺን ከቀበርን ወዲህ ሁለት ረመዷን ጾምን፤ ሦስተኛው ሊገባ ነው። ማዮ ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያ ተቀይሯል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ መደርደር ቀረልን። አልጋሽን ታናሼ ዘሀራ ወርሳዋለች። ማንኮራፋትሽንም አብራ ሳትወርስ አልቀረችም።

እኔ ዛሬም አል-ሳሃፋ ሰፈር ለሙሽሮች ሂና እስላለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ግን ቀኝ እጄ መስመር ይስት ጀመር። ስመረመር ጭንቅላቴ ውስጥ እጢ ተገኘ። አትደንግጪ፣ እስከ መጨረሻው ስሚኝ። ሐኪሙ መውጣት አለበት አለ፤ ነገር ግን እጄን የሚያንቀሳቅሰውና ንክኪ የሚሰማው የአንጎሌ ክፍል የት እንደሆነ ሳላይ ቢላ አላነሳም አለ። እኔም ፈራሁ። ዘሀራን የማስተምረው በዚህችው እጅ ሠርቼ ነው።

የአንጎሌን ምስል ለመነሳት ሶባ ሆስፒታል ድረስ ሄድኩ። ማሽኑ ጠባብ ነው፣ ጩኸቱም አይጣል ነው። ባለሙያዋ መዳፌን በብሩሽ ስትዳብሰኝ ለዒድ ሂና የቀባሽኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። ቀጥላ ጣቶቼን ተራ በተራ በአውራ ጣቴ እንድነካ አዘዘችኝ። አውራ ጣቴ ደግሞ አንቺ ያስተማርሽውን እንጂ ሌላ አያውቅም፤ በጣቶቼ አንጓ እየቆጠርኩ ሱብሃነላህ እያልኩ ዚክር ማድረግ ጀመርኩ። ስወጣ፣ ሥራ ላይ የነበረው የአንጎሌ ክፍል በርቶ የሚታይበትን ስክሪን አሳየችኝ። የእጄ ቦታ ሲፈለግ ጎኑ ያለው የአፌ ቦታም አብሮ በርቷል። ለካ ከንፈሬ አላረፈም ነበር። ከንፈርሽን ሳታንቀሳቅሺ እንደገና ግቢ ተባልኩ።

ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ እማ። ልጅ ሳለሁ ከንፈሬን ዘግቼ ጣቴን ብቻ ሳስሮጥ፣ ይሄ ስርቆት ነው እያልሽ ጆሮዬን ትቆነጥጪኝ ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን ከንፈሬን ነክሼ በልቤ ብቻ አልኩት። እዚያ ውስጥ ሆኜ ይቅርታ ጠየቅኩሽ። የእጄ ቦታ ብቻውን ጥርት ብሎ ወጣ።

እጢው አልደረሰበትም። ሐኪሙ መሀላቸው ያለችውን ክፍተት በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየኝ፤ ጠባብ ናት፣ ግን መንገድ ትሆናለች አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አላለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ቀዶ ጥገናው እሁድ ነው፣ ኢንሻአላህ። ስነቃ መጀመሪያ የማንቀሳቅሰው ቀኝ አውራ ጣቴን ነው። ሠላሳ ሦስቱንም ሱብሃነላህ ላንቺ እቆጥራለሁ፤ ያኔ ከንፈሬን የሚከለክለኝ የለም።

ልጅሽ ሰዓዳ