ምሰሶውን አናስነካም

ልጄ ናዴዥ፣ የፈጠረሽ አምላክ በቺሊ ብርድ ልብስ ይሁንሽ። በስልክ ስነግርሽ እያለቀስሽ ስለምታቋርጪኝ ነው የጻፍኩልሽ። እዚህ አርቲቦኒት ሸለቆ ውስጥ ደህና ነን፤ ሩዙ አሽቷል፣ አባትሽም እንደ ልማዱ ጉልበቱን ያማርራል።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ታጣቂዎቹ ኮረብታው ላይ ያለውን የስልክ ምሰሶ ሊጥሉ መጡ። ለዘረፋ በወጡ ቁጥር እየተደዋወልን ስለምናመልጥ ተናደዋል። የዚያን ቀንም ከታችኛው መንደር ተደውሎልን፣ ገበያ ምግብ እንሸጥ የነበርነው ሴቶች ድስታችንን እንደያዝን ቀድመናቸው ወጣንና ምሰሶውን ከበብነው። አለቃቸው የጎረቤታችን የኤርሚት ልጅ ዊልኔ ነው።

«እማማ፣ ዞር በይ!» አለኝ።

«እትብትህን የቆረጥኩልህ እኔ ነኝ። አንተ ምላሴን ልትቆርጥ መጣህ?» አልኩት።

ወደ ሰማይ ተኮሰ። ምሰሶውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ያኔ እናቱ ኤርሚት ድስቷን በጭልፋ ትደበድብ ጀመር፤ ሁላችንም ተከተልናት። አንዷ ጩኸቱን በስልክ ለየመንደሩ ላከችው። ወዲያው ሸለቆው በድስት ድምፅ ተናወጠ፤ ሰው ከየአቅጣጫው ወደ ኮረብታው ይተም ጀመር።

ዊልኔ ሞተር ብስክሌቱን አስነሳ። «እመለሳለሁ!» አለ።

«እራትህን በልተህ ና፣ እዚሁ ነን!» አለችው እናቱ። ከነታጣቂዎቹ ከሄደ በኋላ ግን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አሁን ምሰሶውን በየተራ እንጠብቃለን። እናም ልጄ፣ ስትደውዪ «መቼ ነው ከዚያ አገር የምትወጪው?» አትበዪኝ፤ አልወጣም። ይልቅ ምን እንደበላሁ ጠይቂኝ።

የረገጥሽው መሬት ይቅናሽ፤ ድምፅሽን አያሳጣኝ።

እናትሽ ሊዝሜን